ድምፅ ከሥዕል ይቀድማል፤ ስለ ሲኒማ ድምፅ ጥበብና ስለ ጎንደር

ሰው በጨለማ አዳራሽ ተቀምጦ ሲኒማ ሲያይ ሥዕሉና ድምፁ በአንድ ቀንና በአንድ ስፍራ አብረው የተወለዱ ይመስሉታል። ገበሬው ሲናገር ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፥ ቃሉም ይሰማል፤ በሬው ሲራመድ ኮቴው ይሰማል፤ ዝናብ ሲወርድም የውሃው ድምፅ ይሰማል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሥዕሉ በአንድ መኪና ይነሣል፥ ድምፁም በሌላ መኪና ይቀዳል፤ ሁለቱም ለየብቻቸው ይጓዛሉ፤ ብዙ ጊዜም ባሕር ይሻገራሉ፤ ከወራት በኋላም በጥበበኞች እጅ እንደ ሙሽራና እንደ ሙሽሪት ይጋባሉ። ጋብቻውም የተዋጣ ሲሆን ተመልካቹ ጋብቻ መኖሩን እንኳ አያውቅም። እንግዲህ አስተዋይ ሰው ሊጠይቀው የሚገባ ነገር አለ። ድምፁን ከሥዕሉ ጋራ የሚያጋባው ማን ነው? የማንንስ ድምፅ መርጦ ያገባል? የማንንስ ትቶ ያስቀራል? ይህን ጥያቄ ለመመርመር የጎንደር ከተማና የስሜን ደጋ ታሪክ ብዙ ነገር ያስተምራል። ከዚህ በታች የሚነገሩት የሲኒማና የቅጂ ዘመናት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሲኒማ በተወለደ ጊዜ ድዳ ነበረ። በ1895 የሉሚዬር ወንድማማቾች በፓሪስ ከተማ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ለሕዝብ ባሳዩ ጊዜ ሠራተኞች ከፋብሪካ ደጅ ሲወጡ ታዩ፤ የእግራቸው ድምፅ ግን አልተሰማም። ድምፅን የሚይዘው ፎኖግራፍ ግን ከዚያ 18 ዓመት ቀድሞ በ1877 በኤዲሰን ተሠርቶ ነበረ። ስለዚህ ድምፅ ከሥዕል ይልቅ ቀድሞ ተያዘ ማለት ነው። ሁለቱን በሚገባ ለማገናኘት ግን ብዙ ድካም ጠየቀ። በ1927 በአሜሪካ «የጃዝ ዘፋኙ» የተባለው ፊልም በወጣ ጊዜ ድምፁ በሸክላ ተቀድቶ ሸክላው ከሥዕሉ መኪና ጋራ እኩል ይዞር ነበረ። ሸክላው አንድ መስመር የዘለለ እንደ ሆነ ግን ጋብቻው ይፈርሳል፤ የሴቲቱ ድምፅ ከወንዱ አፍ ይወጣል፥ ሕዝቡም በኀዘን ስፍራ ይሥቃል።

ከዚህ ችግር ለመውጣት ሊቃውንቱ ድምፁን በራሱ በፊልሙ ጠርዝ ላይ በብርሃንና በጥላ መስመር ጻፉት። በዚህ ብልኀት ውስጥ ልብ የሚባል አንድ ነገር አለ። ሥዕሉ በመብራቱ ፊት ሲያልፍ በአንድ ሰከንድ 24 ጊዜ ቆም እያለ መታየት አለበት፤ ድምፅ ግን እንደ ወንዝ ሳይቋረጥ መፍሰስ አለበት፥ ቆም ቆም ያለ እንደ ሆነ ይበላሻል። ስለዚህ ሥዕሉ የሚታይበትና ድምፁ የሚነበብበት ስፍራ አንድ ሊሆኑ አልቻሉም። 16 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ፊልም ላይ የአንዱ ሥዕል ድምፅ የሚጻፈው ከሥዕሉ 26 ሥዕል ያህል ቀድሞ ነው፤ ይኸውም ከአንድ ሰከንድ ጥቂት የሚበልጥ ነው። ፊልሙን በእጁ ይዞ የሚመረምር ሰው ሁልጊዜ ድምፁን ከሥዕሉ ፊት ፊት ሲሄድ ያገኘዋል።

የድምፅ ሠራተኛው ሥራ ብዙ ክፍል አለው። ሥዕሉ በሚነሣበት ስፍራ ንግግሩን ይቀዳል፤ ሥዕሉና ድምፁ የሚገጥሙበትን ቅጽበት ለማወቅም በካሜራው ፊት ሁለት ሳንቃ ይጋጫል፥ ሳንቃው ሲጋጭ የታየበትና ጩኸቱ የተሰማበት ቦታ አንድ ላይ ይገጠማል። በ1951 በስዊስ አገር ስቴፋን ኩደልስኪ የተባለ በትውልዱ ፖላንዳዊ የሆነ ሰው ናግራ የተባለውን በትከሻ የሚነገት መቅጃ ሠራ፤ ስሙም በፖላንድ ቋንቋ «ይቀዳል» ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የድምፅ ሠራተኛ ከአዳራሽ ወጥቶ በየገጠሩና በየተራራው ሊቀዳ ቻለ። በኋላም በአዳራሽ ውስጥ የጎደለው ይሞላል። የእግር ኮቴ፥ የልብስ ኮሽታ፥ የበር መዘጋት ሥዕሉ እየታየ በሰው እጅና እግር እንደ ገና ይሠራል፤ ይህን ሥራ በአሜሪካ ያስለመደው ጃክ ፎሊ ስለ ሆነ ሥራው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ዝምታን መቅዳታቸው ነው። ሠራተኛው በእያንዳንዱ ስፍራ ሰው ሁሉ ዝም እንዲል አድርጎ ባዶውን ድምፅ ለጥቂት ጊዜ ይቀዳል፤ ምክንያቱም ዝም ያለ ቤትም የራሱ ድምፅ አለው፥ የሣር ክዳን ጎጆ ዝምታና የድንጋይ አዳራሽ ዝምታ አንድ አይደሉም። በመጨረሻም ንግግሩ፥ ኮቴው፥ ነፋሱና ሙዚቃው እየተመዘኑ ይቀላቀላሉ፤ አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ ይላል።

ይህን ሁሉ የሰማ ሰው ጥበቡ ከሩቅ አገር የመጣ ነው ሊል ይችላል። መኪናው በእውነት ከሩቅ አገር የመጣ ነው። ድምፅን መለየት፥ በምልክት ጽፎ ማኖር፥ አንዱን በሌላው ላይ መደረብ ግን ለጎንደር ሰው አዲስ አይደለም። በ6ኛው መቶ ዓመት የነበረው ቅዱስ ያሬድ በአክሱም በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ንጉሡ በተመስጦ ሳለ የጦሩ ጫፍ በዘማሪው እግር ላይ እንደ ተተከለ፥ ደሙም ሲፈስ ሁለቱም እንዳላወቁት ይተረካል። ከዚህም በኋላ ያሬድ ንጉሡን አስፈቅዶ ወደ ስሜን ተራራ ወጣ፥ በዚያም እያስተማረ ተሰወረ ይባላል። ስለዚህ ስሜን በኢትዮጵያ ዜማ ታሪክ ውስጥ የመጨረሻው ድምፅ የተሰማበት ተራራ ነው። ግዕዝ፥ ዕዝልና አራራይ የተባሉት ሦስቱ የዜማ ስልቶች በያሬድ ስም እስከ ዛሬ ይጠራሉ።

ዜማው ለብዙ መቶ ዓመት በቃል ሲወርድ ሲዋረድ ከቆየ በኋላ በ16ኛው መቶ ዓመት በንጉሥ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት የዜማውን ምልክት እንደ ሠሩ ታሪክ ይናገራል። ከቃሉ በላይ በቀጭን ብዕር የሚጻፉት ጥቃቅን ፊደሎች እያንዳንዳቸው አንድን ድምፅ ብቻ ሳይሆን የታወቀ አንድ የዜማ ሐረግን ያስታውሳሉ፤ ድፋት፥ ቅናት፥ ይዘት፥ ጭረት፥ ርክርክ፥ ሂደት የመሳሰሉትም ድምፁ እንዴት እንደሚወርድ፥ እንደሚታጠፍና እንደሚፈጥን ያመለክታሉ። ልብ ያለው ሰው ግን የምልክቱን ወሰን ያስተውላል። ምልክቱ ዜማውን ቀድሞ በጆሮው ለሰማ ሰው ያስታውሳል እንጂ ላልሰማው አያስተምርም። መምህር የሌለው መጽሐፍ ድዳ ነው። በዚህ ነገር የኢትዮጵያ ሊቃውንት ከፎኖግራፍ በፊት ድምፅን ለማሰር ደክመዋል፤ ማሰሪያውም ወረቀት ብቻ ሳይሆን የሰው ጆሮ እንደ ሆነ ዐውቀዋል።

ዐፄ ፋሲለደስ በ1636 ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ ወዲህ ከተማይቱ የአቋቋም ትምህርት ዋና ስፍራ ሆነች። የአቋቋሙ ሥርዓት እንዴት እንደሚሄድ የተመለከተ ሰው የሲኒማን ድምፅ አቀላቃይ ሥራ በቀላሉ ያስተውላል። በመጀመሪያ ቁም ዜማው በሰው ድምፅ ብቻ ይባላል፤ ቀጥሎ በዝማሜ መቋሚያው ከዜማው ጋራ ይንቀሳቀሳል፤ ከዚያ በመረግድ ከበሮውና ጸናጽሉ ይገባሉ፤ በጽፋት ምቱ ይፈጥናል፥ ጭብጨባውም ይከተላል። አንድ ጊዜ ሁሉም አይጮኽም፤ እያንዳንዱ በተራው ይገባል፥ ለቃሉም ስፍራ ይለቃል። ከበሮ ቃልን የሸፈነ እንደ ሆነ መሪጌታው ዝም አይልም። በሲኒማ አዳራሽም ሕጉ ይኸው ነው፤ ሙዚቃው ንግግሩን ከዋጠው አቀላቃዩ ሥራውን አልሠራም።

ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ውጭም ጎንደር በድምፅ የበለጸገች ናት። አዝማሪው በአንድ የፈረስ ጭራ አውታር በተሠራው ማሲንቆ ሰምና ወርቅ ይገጥማል፤ አድማጩ ስንኝ ሲሰጠው ወዲያው ተቀብሎ ያዜመዋል። በከተማይቱ አጠገብ ያለው ቡርቧክስ የተባለው መንደር የአዝማሪዎች መንደር እየተባለ ይታወቃል። ላሊበሎች የተባሉት ዘፋኞች ደግሞ ብዙ ጊዜ ባልና ሚስት ሆነው ገና ሳይነጋ በየደጁ ይቆማሉ። የቤቱን ባለቤት ስም ከጎረቤት ቀድመው ይጠይቁና በዜማቸው ውስጥ ያስገቡታል፤ ባለቤቱ በእንቅልፍ ላይ ሳለ ስሙን በማያውቀው ሰው አፍ ሲመሰገን ይሰማል፥ ሲሰጣቸውም ይመርቁታል። መዝፈናቸውን ቢተዉ ደዌ ያገኛቸዋል የሚል አሮጌ ወሬ ስለ እነርሱ ይነገራል። ጎንደሬ እንግዲህ በነጋ ጊዜ ሳያይ መስማትን ለምዷል፤ ከመዝጊያው በስተ ኋላ ሆኖ፥ ፊት ሳያይ፥ ሰውን በድምፁ ያውቃል።

የድምፅ መኪና ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ከዚህ አገር ወገን የሆኑ ታላቅ ሴት ድምፃቸውን ሰጥተውታል። በ1898 የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የወዳጅነት ቃል በፎኖግራፍ ቀድተው ላኩ። የንግሥቲቱ ቃል ከተሰማ በኋላ በራሳቸው ትእዛዝ ጠፋ። በ1899 ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ምላሻቸውን በሰም በርሜል ላይ ቀድተው ሰደዱ፤ ይህ ግን አልጠፋም፥ በሎንዶን የድምፅ ቤተ መዛግብት ውስጥ ተጠብቆ ይኖራል። እቴጌ ጣይቱ የስሜንና የበጌምድር መሳፍንት ወገን ናቸው። የንግሥቲቱ ድምፅ ጠፍቶ የእቴጌይቱ መኖሩ ድምፅን ጠብቆ ማኖር ምን ያህል እንደሚያከብር ያሳያል፤ ነገር ግን የተጠበቀው በሰው አገር መሆኑም አይረሳ።

በ1932 ደግሞ ማርሴል ግሪዮልና ሚሼል ሌሪስ ከሌሎች ጓደኞቻቸው ጋራ ከዳካር እስከ ጅቡቲ ሲጓዙ በጎንደር ወራት ተቀመጡ። ሌሪስ በአባ ጀሮም አስተርጓሚነት የዛር ዘፈኖችን ቃል በቃል በብዕር ጻፉ፤ በ1934ም የዕለት ማስታወሻቸውን አሳተሙ። ከዚህም ጋራ ተጓዦቹ በጎንደር የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን አሮጌ ሥዕሎች አንሥተው በምትካቸው አዲስ ግልባጭ ሰቀሉ፤ የጥንቶቹ ሥዕሎች ዛሬ በፓሪስ ይገኛሉ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ የሚያሳስብ ነገር አለ። ሥዕል ተጠቅልሎ በበቅሎ ሊጫን ይችላል። በዚያ ቤተ ክርስቲያን ይዜም የነበረው ዜማ ግን አልተጫነም፤ በአገሩ ቀረ። ከዛር ዘፈኑም ብዕሩ የወሰደው ቃሉን ብቻ ነው፤ የዘፋኟ ትንፋሽ፥ የጭብጨባው ድርድርና የእጣኑ ጢስ ውስጥ የነበረው ሳል በቀለም አልተጻፈም።

ሲኒማም ወደ ኢትዮጵያ የገባው እንደ እንግዳ ነገር ነበረ፤ በአዲስ አበባ በመጀመሪያ የተከፈተውን የሲኒማ ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። በጎንደር ኢጣልያኖች ከ1936 እስከ 1941 ከተማይቱን በያዙ ጊዜ በመካከሏ ሲኒማ ቤት ሠሩ። ጠላት ከተባረረም በኋላ የጎንደር ልጆች በሲኒማ የሰሙት የሌላ አገር ድምፅ ነበረ። እንግሊዝኛውን የማያውቅ ልጅ እንኳ የፈረሱን ኮቴ፥ የተኩሱንና የቫዮሊኑን ድምፅ እየሰማ ማንን መውደድ፥ ማንንስ መፍራት እንዳለበት ይማራል። ሙዚቃው ሲያስፈራራ ይፈራል፤ ሲያለቅስ ያለቅሳል። ዐይን የሚጠራጠረውን ነገር ጆሮ ሳይጠራጠር ይቀበላልና።

ከእነዚህ ልጆች አንዱ በ1946 በጎንደር የተወለዱት ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ናቸው። አባታቸው አቶ ገሪማ ታፈረ አርበኛና ደራሲ ነበሩ፤ «ጎንደሬ በጋሻው» የተባለውን መጽሐፍ ጽፈዋል፥ የታሪክ ቴአትርም እያዘጋጁ በየአገሩ ያሳዩ ነበረ። እናታቸው መምህርት ነበሩ። ልጁ በአባታቸው ቴአትር ውስጥ እየተጫወቱ፥ በእሳት ዳር የሚነገረውን ተረት እየሰሙ አደጉ። በሲኒማ ቤት ግን ሌላ ትምህርት ነበረ። ፕሮፌሰር ኃይሌ በጎለመሱ ጊዜ እንደ ተናገሩት፥ እርሳቸውና ጓደኞቻቸው የታርዛንን ፊልም ሲያዩ ለታርዛን ያደሉ ነበረ፤ ጥቁሮቹ በስተ ኋላው ሲመጡበትም እንዲጠነቀቅ ይጮኹለት ነበረ። እንግዲህ አስብ፤ በጎንደር አዳራሽ የተቀመጠ ኢትዮጵያዊ ልጅ የገዛ ድምፁን አውጥቶ የገዛ ወገኑን ይቃወም ዘንድ ያስተማረው ማን ነው? ሥዕሉ ብቻ አይደለም። በዚያ ፊልም ውስጥ ቋንቋ ተሰጥቶት የሚናገረው ነጩ ሲሆን የሌላው ድምፅ ጩኸትና ከበሮ ብቻ ነበረ።

ኃይሌ ገሪማ በ1967 ወደ አሜሪካ ሄዱ። በቺካጎ ቴአትር ተማሩ፤ በ1970 ወደ ሎስ አንጀለስ ተሻግረው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ትምህርት ጀመሩ። በዚያ ሳሉ በ1975 የሠሩት «ቡሽ ማማ» የተባለው ፊልም ባሏ በግፍ የታሰረባትን አንዲት ድኻ ጥቁር ሴት ታሪክ ይናገራል። በዚህ ፊልም ውስጥ ድምፁ ሥዕሉን ተከትሎ የሚሄድ አሽከር አይደለም። የድጎማ መሥሪያ ቤቱ ጥያቄዎች እየተደጋገሙ፥ የፖሊስ መኪና ጩኸት፥ የጎዳናው ሁካታና የሴቲቱ የውስጥ ሐሳብ አንዱ በሌላው ላይ ይደረባሉ። ሴቲቱ ዝም ብላ በተቀመጠችበት ጊዜ እንኳ ጆሮዋ አያርፍም፤ ተመልካቹም ጭንቀቷን በዐይኑ ከማየቱ በፊት በጆሮው ይሸከመዋል።

በ1974 የዐፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት በወደቀበት ዓመት ወደ አገራቸው ተመልሰው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ «ምርት፤ ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልም አነሡ። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ፥ ስፋቱ 16 ሚሊሜትር፥ ርዝመቱም ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ተጫዋቾቹ በቴአትር ትምህርት ያልሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ፤ በሙዚቃው የኦርኬስትራ ኢትዮጵያው ተስፋዬ ለማ ሠርተውበታል። ፊልሙም በ1976 በስዊስ አገር በሎካርኖ ተሸለመ። ታሪኩ ለአንድ ባለርስት የሚገብር የገበሬ ቤተ ሰብ ነው፤ መሬቱን የተነጠቀው ከበበም እንደ እብድ እየተቈጠረ እውነቱን በዐደባባይ ይጮኻል። የፊልሙ ሩጫ የገበሬ ሥራ ሩጫ ነው፤ ንግግር ሳይኖር ብዙ ጊዜ የሚያልፈው ሰዎች ሲደክሙ ነው። ከዚህ የተነሣ ከበበ አፉን ሲከፍት ቃሉ እንደ ነጐድጓድ ይሆናል። ዝምታን ያልጠበቀ ሰው ቃልን ማክበር አይችልምና። ያ ሕዝብ የሚናገረውም በአማርኛ ነው። ፊልሙ ጎንደር ላይ የተነሣ ባይሆንም የጎንደሩ ልጅ በታርዛን ፊልም ላጣው ድምፅ የተሰጠ መልስ ነው።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ቀላል አልሆነም። ፕሮፌሰር ኃይሌ ከ1975 ጀምሮ በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። በ1993 በወጣው «ሳንኮፋ» በተባለው ፊልማቸው የጋናው ከበሮ መቺ ኮፊ ጋናባ ራሱ ተጫዋች ሆኖ በባሕር ዳር ባለው የባሪያ ንግድ ምሽግ ከበሮውን ይመታል፤ የሞቱትን የሚጠራውም ከበሮው ነው። በልጅነት ፊልም የማስፈራሪያ ጩኸት ብቻ የነበረው ከበሮ በዚህ ፊልም አንደበት ሆነ። አከፋፋዮች ፊልሙን አንቀበልም ባሉ ጊዜ እርሳቸውና ባለቤታቸው ሺሪኪያና አይና በየከተማው አዳራሽ እየተከራዩ ለሕዝብ አሳዩ።

«ጤዛ» የተባለው ፊልም ደግሞ ከሐሳቡ እስከ ፍጻሜው 14 ዓመት ያህል ፈጀ። በኢትዮጵያ የሚታየው ክፍል በ2004 ተነሣ፤ በጀርመን የሚታየው ክፍል ገንዘብ እስኪገኝ ሁለት ዓመት ጠበቀ። በ2008 በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የድርሰት ሽልማት፥ በ2009ም በዋጋዱጉ ታላቁን ሽልማት አገኘ። ፊልሙ አንበርብር የተባለ ሐኪም ከጀርመን አንድ እግሩን አጥቶ ጣና ዳር ወዳለው የትውልድ መንደሩ ሲመለስ ያሳያል። ሙዚቃውን ጆርጋ መስፍንና ቪጃይ አየር የተባለው የአሜሪካ ሙዚቀኛ ሠርተውታል። አንበርብር ብዙውን ነገር ረስቷል፤ ያለፈው ዘመን ግን በሕልሙና በቅዠቱ እየመጣ ያንገላታዋል። የመንደሩ ጸጥታና የከተማው ጩኸት፥ የእናቱ አማርኛና የስደቱ ጀርመንኛ በአንድ ሰው ጆሮ ውስጥ ይጋጫሉ። ይህን ሁሉ አስታርቆ አንድ ሰው ማድረግ የድምፅ አቀላቃዩ ሥራ ነው።

ከሩቅ የመጡ ሰዎችም ሁሉ የጎንደርን ድምፅ እንደ ብርቅ ዕቃ ጭነው የሄዱ አይደሉም። ጃፓናዊው የባህል ተመራማሪ ኢትሱሺ ካዋሴ ከ2001 ጀምሮ ወደ ጎንደር እየተመላለሱ አማርኛ ተማሩ። በ2005 ስለ ላሊበሎች፥ በ2006 ስለ አዝማሪ ልጆች ፊልም ሠሩ። «ኢትዮጵያ ሆቴል፥ 11 ቍጥር» የተባለው ፊልማቸው ደግሞ በጎንደር በተከራዩት ክፍል ውስጥ ብቻ የተነሣ ነው፤ በጎዳና የሚኖሩ ሁለት ልጆች ወደ ክፍሉ እየመጡ ከባለካሜራው ጋራ ያወራሉ። ፊልሙን የሚመራው ከላይ ሆኖ የሚያብራራ ተራኪ ሳይሆን ጭውውቱ ነው፤ ልጆቹ ስለ ራሳቸው ራሳቸው ይናገራሉ። ፊልም አንሺው ደግሞ የሚናገሩትን በቋንቋቸው ሰምቶ ይመልስላቸዋል። የውጭ አገር ሰው መሆን በራሱ ነቀፋ እንዳልሆነ፥ ነቀፋው አለመስማት እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል።

ይህ ነገር ለሰው ብቻ አይደለም፤ ለአራዊትም ይሆናል። በስሜን ተራራ ጭላዳ ዝንጀሮ በመንጋ ሣር እየጋጠ ይውላል። የአራዊት ፊልም የሚሠሩ ሰዎች ሥዕሉን በረዥም መነጽር ከሩቅ ስለሚያነሡ ድምፁ እስከ ካሜራው አይደርስም፤ ስለዚህ በፊልሙ የሚሰማው የእግር ኮቴና የሣር ኮሽታ ብዙ ጊዜ በኋላ በአዳራሽ የተሠራ ነው። ነገር ግን የጭላዳን ድምፅ በቅርብ ያደመጠ ሰው ታላቅ ነገር አገኘ። በ2013 ቶር በርግማን የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ ወንዱ ጭላዳ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ የሚያሰማው ድምፅ አካሄዱ ከሰው ንግግር አካሄድ ጋራ የሚቀራረብ መሆኑን ጽፈዋል። እንግዲህ አንድ ፊልም ሠሪ በስሜን ሥዕል ላይ ከሌላ አገር የተቀዳ የዝንጀሮ ጩኸትና የሌላ ጫካ ወፍ ቢደርብ ሥራው ቀላል ይሆንለታል፤ የደጋው ሰው ግን ወዲያው ያውቅበታል። ይህን የመሰለውን ድንቅ ነገርም ከዓለም ጆሮ ሰወረ ማለት ነው።

ዛሬ የድምፅ መቅጃ በየሰው ኪስ ይገኛል፤ ቀድሞ ባሕር ተሻግሮ ይሠራ የነበረው ቅልቅልም በአንድ ትንሽ ክፍል በኮምፒዩተር ይሠራል። ስለዚህ የመኪና ማጣት ምክንያት ሆኖ አይቀርብም። የቀረው ችግር የመስማት ችግር ነው። ከሌላ አገር ተቀድቶ የተቀመጠ ድምፅ በቀላሉ ስለሚገኝ ሰነፍ ሠራተኛ የራሱን ደጅ ከፍቶ ከመቅዳት ይልቅ የተዘጋጀውን ያነሣል፤ በዚያን ጊዜ ሥዕሉ ጎንደር ሆኖ ድምፁ የማንም አገር ይሆናል። ይህም ጋብቻ ሳይሆን ቅጥፈት ነው። ከዚህ ይልቅ የሚከፋው ደግሞ ሳይቀዳ የሚጠፋው ድምፅ ነው። አንድ የአቋቋም መምህር ያለ ደቀ መዝሙር ሲሞት፥ አንድ ላሊበላ ልጁን ሳያስተምር ሲያርፍ፥ ሥዕላቸው በፎቶግራፍ ቢቀርም እንኳ ድምፃቸው አብሯቸው ይቀበራል።

ስለዚህ በጎንደርና በስሜን አገር ፊልም ሊሠራ የሚነሣ ወጣት ካሜራውን ከመክፈቱ በፊት ጆሮውን ይክፈት። ሳይነጋ ተነሥቶ በደጅ የሚዘፈነውን ይስማ፤ ከበሮው ለቃሉ እንዴት ስፍራ እንደሚለቅ ይመልከት፤ የጎጆውን ዝምታ ከአዳራሹ ዝምታ ለይቶ ይወቅ። የአባቶች ምልክት ጆሮ ለሌለው ሰው እንዳልጠቀመ ሁሉ የዛሬውም መኪና ጆሮ ለሌለው ሰው አይጠቅምም። በፊልሙ ጠርዝ ላይ ድምፁ ከሥዕሉ 26 ሥዕል ቀድሞ እንደሚጻፍ፥ በሠሪውም ልብ ውስጥ መስማት ከማየት ይቅደም።